ጠርዙ የሚጠቀለል ሻል

«በመርፌ የሠራሁት ሻል ጠርዙ ይጠቀለላል፤ ክሩ ይሆን መርፌው?» ላልሽኝ፣ ችግሩ የክሩም የመርፌውም አይደለም። ሻልሽ እየተጠቀለለ ቱቦ የመሰለው ፊቱን ክሩን ከኋላ፣ መልሱን ክሩን ከፊት አድርገሽ ስለሠራሽው ነው። እንዲህ የተሠራ ሹራብ ጎንና ጎኑ ወደ ኋላ፣ ላይና ታቹ ወደ ፊት መጠቅለሉ ጠባዩ ነው።

የሠራሽው 20 ሳንቲም ብቻ ከሆነ ፍቺው፣ አይቆጭሽ። እንደገና ስትጀምሪ፦

1. የመጀመሪያዎቹን 6 መስመሮች ፊቱንም መልሱንም ክሩን ከኋላ አድርገሽ ሥሪ።
2. ከዚያ መሃሉን እንደ ቀድሞሽ ቀጥዪ። በየመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ ያሉትን አምስት አምስት ቀለበቶች ግን ሁልጊዜ ክሩ ከኋላ ሆኖ።
3. መጨረሻውንም 6 መስመር እንደ መጀመሪያው።

መፍታቱ ካስጠላሽ ዙሪያውን በኪሮሽ ሁለት ሦስት ዙር ሥሪበት፤ ያሻሽለዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

«በካውያ ልተኩሰው?» ላልሽው፣ ክሩ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ከሆነ እንዳትሞክሪው! አምና ክረምት እዚህ ደሴ የጦሳ ተራራ ብርድ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ ለእናቴ አንድ ሰማያዊ ሻል ሠራሁ። ጠርዙ እንዲዘረጋ ብዬ የካውያ እንፋሎት ለቀቅሁበት። ያ ለስላሳ ሻል ተልፈስፍሶ ቀረ፣ አጥቤ ባሰጣውም አልተመለሰም። አሁን ድመቷ ትተኛበታለች።