ስም የሌለው የወታደሮች ፎቶ፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በየቤቱ ግድግዳ ላይና ሣጥን ውስጥ ስም ያልተጻፈበት የጦርነት ዘመን ፎቶ ሞልቷል። ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ፣ በአቅሜ ልመልስ።

ከቢቸና፦ ጋሼ፣ በአያቴ ሣጥን ውስጥ ጎፈሬ ያሳደጉ፣ ዝናር የታጠቁ ሰዎች ፎቶ አገኘን። ቤተሰቡ መሃል የተቀመጠው በላይ ዘለቀ ነው ይላል። እውነት ነው?

ወንድሜ፣ ስሙን ለጊዜው ተወው። በላይ በጥር 1937 ከተሰቀለ ወዲህ በእናንተ አገር የእሱ የሆነ ነገር በቤቱ እንዲኖር የማይመኝ የለም፣ ይገባኛል። ግን በአምስቱ የጠላት ዘመን ጎፈሬ ያሳደገ አርበኛ ብዙ ነው። መሃል መቀመጡም አለቃ መሆኑን ይጠቁም ይሆናል እንጂ ማንነቱን አይነግርህም። ማንነቱ ከተረጋገጠ ሌላ ፎቶ ጋር አስተያየው። ጆሮውን በደንብ እይ፤ ጢምና ፀጉር ይለዋወጣል፣ የጆሮ ቅርጽ ግን ብዙ አይቀየርም።

ከሞጣ፦ ጠመንጃውን አይቶ ዘመኑን ማወቅ ይቻላል?

በግማሽ። ጠመንጃ ፎቶው ከመቼ ወዲህ እንደተነሳ እንጂ እስከ መቼ እንደሆነ አይነግርም። ውጅግራና ምኒሽር ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት የገቡ ናቸው፣ ከነጻነት በኋላም ስንት ዓመት በየቤቱ ተሰቅለው ኖረዋል። ክላሽ ካየህ ግን የአርበኞችን ዘመን እርሳው፣ ምናልባት በ1969 የዘመተው ሚሊሺያ ይሆናል። የጣሊያን ጠመንጃ የያዘ ሁሉ የጣሊያን ወታደር አይደለም፤ አርበኛው የሚዋጋው በማረከው ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። የሁሉም ጠመንጃ መቀርቀሪያ እጀታ በግራ በኩል ከታየ ፎቶው ተገልብጦ ታትሟል ማለት ነው፤ እንግዲህ ግራና ቀኝ የቆሙትን ስትቆጥር ተጠንቀቅ።

ከደብረ ማርቆስ፦ አያቴ አርበኛ ነበር ሲባል ነው ያደግሁት። በፎቶው ላይ ግን ረጅም ቆብና ሰፊ መቀነት አድርጓል። ባንዳ ነበር ማለት ነው?

እህቴ፣ ይሄን ቃል ለማውጣት አትቸኩይ። ረጅም ቆብና ሰፊ መቀነት የጣሊያን ቅኝ ግዛት ወታደር አለባበስ ነው፣ ይሄን አልሸሽግሽም። ነገር ግን ከጣሊያን ከድተው ከነመሣሪያቸው ወደ አርበኛው የገቡ ብዙ ናቸው። ፎቶ የአንድ ቀን ነው፣ ጦርነቱ ደግሞ አምስት ዓመት። የባዕድ ልብስ ሁሉም የጣሊያን እንዳይመስልሽ። በመጋቢት 1933 መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ አብሮ በነበረው የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር ውስጥ ሱዳኖችም፣ በስደት ሳሉ የተመለመሉ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ፤ የለበሱትም የእንግሊዝ ካኪ ነው። በአንድ ቆብ ምክንያት የሞተን ሰው ስም ማጉደፍ ግፍ ነው።

ከቡሬ፦ ጀርባው ላይ 1933 ይላል። የኛ ነው የፈረንጅ?

በአማርኛ ከተጻፈ የኛ ነው ብለህ ጀምር። በፈረንጅ 1933 ከሆነ ወረራው ገና አልተጀመረም፣ ስለዚህ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፋሺስቶቹ ከዓመተ ምሕረቱ ጎን በሮማ ቁጥር የራሳቸውን ዘመን ይጽፉ ነበር፣ እሱን ፈልግ። ቀለሙንም እይ። በዛሬው እስክሪብቶ ከተጻፈ ቆይቶ የተጨመረ ነው፤ ይሄ እስክሪብቶ የተስፋፋው ከዚያ ጦርነት በኋላ ነው።

ከዳንግላ፦ ቆሽሿል፣ በውኃ ልጥረገው?

በፍጹም! ላሚኔትም አታድርገው፣ ሙጫም አታስነካው። ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርግ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ማንን እንጠይቅ?

አዲስ አበባ ከመጣችሁ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ። ከዚያ በፊት ግን የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ። «ይሄ እገሌ ነው አይደል?» አትበሉ፤ እሺ ይሏችኋል። «እነማን ናቸው?» ብቻ በሉ። ለየብቻ አሳዩአቸው፣ አንዱ የሌላውን መልስ አይስማ፣ እያንዳንዱ ያለውንም ከነስሙ ጻፉት።