ግንብ፣ ቅጥር፣ ካብ ወይስ ማማ?

ጥያቄ፦ ስለ ዓለም ታሪካዊ ቦታዎች የጉብኝት ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «የቻይና ግንብ»፣ «የባቢሎን ግንብ»፣ «የፋሲል ግንብ» እንላለን። አንዱ ረጅም አጥር፣ አንዱ ወደ ላይ የወጣ ሕንፃ፣ አንዱ ቤተ መንግሥት ነው። ቃሉ ስንት ትርጉም አለው? የፓሪሱን ኤፍልስ ግንብ ልበለው ወይስ ማማ? «ታላቁ የቻይና ግንብ» ነው ወይስ «የቻይና ታላቁ ግንብ»? አጻጻፉስ «ግንብ» ነው ወይስ «ግምብ»?

መልስ፦ ግራ ያጋባዎት ግንብን የቅርጽ ስም አድርገው ስለወሰዱት ነው። ግንብ የአሠራር ስም ነው። ድንጋይ ወይም ጡብ በኖራ፣ በሲሚንቶ ወይም በሌላ ማያያዣ እየተጣበቀ የተሠራ ሁሉ ግንብ ነው፤ ወደ ላይ ይርዘም ወደ ጎን ለቃሉ ግድ የለውም። ሠራተኛውን ግንበኛ የምንለው ለዚህ ነው። ሰፈር ውስጥ «የግንብ አጥር» ሲባል ልብ ይበሉ፤ ሥራውን የሚናገረው «አጥር» ነው፣ «ግንብ» ደግሞ ከቆርቆሮና ከእሾህ አጥር ይለየዋል። «ግንብ ቤት»ም ከጭቃ ቤት የሚለየው በዚሁ ነው።

የጎንደሩም ስሙን ያገኘው እንዲሁ ነው። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ድንጋይና ኖራ ነው። ሰዉ «እንቁላል ግንብ» የሚለውም ቅርጹን «እንቁላል»፣ አሠራሩን «ግንብ» ብሎ ነው፤ እንቁላሎቹ በማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ጉልላቶች ናቸው። ባቢሎን ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11 ሰዎቹ ጡብ እንደተኮሱና በዝፍት እንዳያያዙት ይናገራል፤ ያ የግንበኛ ሥራ ነው። ግእዙ እዚያ ቦታ ላይ «ማኅፈድ» ይላል፣ ቃሉ ከፍታን የሚያሳይ ነው። አማርኛው ተርጓሚ ግን ከፍታውን ትቶ አሠራሩን ያዘ። በእኔ አስተያየት አልተሳሳተም፤ «ራሱ ወደ ሰማይ የሚደርስ» የሚለው ሐረግ ከፍታውን አሟልቶለታል።

ወደ ቻይና ስንሄድ መለኪያችን ትንሽ ይላላል። በቤጂንግ ዙሪያ ያለው፣ በሚንግ ነገሥታት ዘመን በድንጋይና በጡብ የተሠራው ክፍል፣ የሩዝ ሙቅ በተለወሰበት ኖራ ጭምር የተያያዘ ስለሆነ የለየለት ግንብ ነው። በምዕራብ በረሃው በኩል ያለው ብዙው ክፍል ግን ተጠቅጥቆ የተደለደለ አፈር ነው፤ ግንበኛ አልነካውም። ቻይኖች ራሳቸው «ቻንግ ቼንግ»፣ ማለትም ረጅሙ ቅጥር ይሉታል። ታዲያ ስሙን እንቀይረው? አይሆንም፤ «የቻይና ግንብ» ሥር ሰድዷል። በማብራሪያዎ ውስጥ ግን «ከ21,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከፊሉ ግንብ ከፊሉ የተጠቀጠቀ አፈር የሆነ የመከላከያ ቅጥር» ቢሉ አንባቢው ነገሩን በትክክል ያየዋል።

«ቅጥር» ዙሪያን የሚከብ ነው። የኢያሪኮ ቅጥር፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንላለን፤ አምስት በር የነበረው የሐረሩ ጀጎልም ቅጥር ነው። ለቻይናው ሙሉ በሙሉ የማይገጥመውም በዚህ ነው፣ ዞሮ አይገጥምም። በአንጻሩ «የበርሊን ግንብ» የምንለው እውነተኛ ቅጥር ነበር። ብዙ ሰው ከተማዋን ለሁለት የከፈለ ቀጥ ያለ መስመር ይመስለዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1989 ምዕራብ በርሊንን 155 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያዋን ከቦ የቆመ ነበር፣ በሁለቱ በርሊኖች መካከል ያለፈው 43 ኪሎ ሜትሩ ብቻ ነው።

ተርጓሚዎች የሚዘነጉት ቃል «ካብ» ነው። ያለ ማያያዣ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደራረበ የሚቆም ማለት ነው። ታላቋ ዚምባብዌ በምትባለው ጥንታዊ የፍርስራሽ ከተማ ያለው የግራናይት ሥራ፣ እስከ 11 ሜትር ድረስ ቢቆምም፣ አንዲት ጭልፋ ኖራ የለበትም፤ ካብ ነው። «ካብ» ሲሉት የማሳ እርከን እንዳይመስልብዎ ከፈሩ «ግዙፍ ካብ» ይበሉ፤ የኮንሶን እርከኖች ያየ ሰው ቃሉን አይንቀውም። «ግንብ» ካሉ ግን ቦታው የሚደነቅበትን ነገር፣ ያለ ማጣበቂያ መቆሙን፣ ሰረዙት ማለት ነው።

የኢየሩሳሌሙ ምዕራባዊ ግንብም በዚህ መለኪያ ያስቸግራል፤ በሄሮድስ ዘመን የተቀመጡት ትላልቅ ድንጋዮች ያለ ኖራ የተነባበሩ ናቸው። ስሙ ስለጸና ይቆይ፤ በእስራኤል ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎችም ብዙውን ጊዜ በዕብራይስጡ «ኮቴል» ይሉታል። መታረም ያለበት «የቤተ መቅደሱ ግድግዳ» የሚለው ነው። ግድግዳ የቤት ጎን ነው፣ ጣራ ይሸከማል። ይህ ግን ቤተ መቅደሱ የቆመበትን ሰፊ መደብ አፈሩ እንዳይናድ የያዘ የድጋፍ ግንብ ነው።

ኤፍል ማማ ነው፤ እዚህ ላይ አልጠራጠርም። እ.ኤ.አ. በ1889 የቆመው ከብረት ነው፣ ከ18,000 በላይ ቁራጭ ብረት በ2.5 ሚሊዮን ያህል ብሎን መሰል ምስማር ተያይዞ። ግንበኛ የሠራው የእግሮቹን መሠረት ብቻ ነው። ማማ ማሽላ ሲያሸት ወፍ ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ የሚወጣበት ከፍ ያለ የእንጨት ቆጥ ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያው «መቆጣጠሪያ ማማ»ም ከዚያ የመጣ ነው። ቀጥ ብሎ መቆም፣ ላይ ወጥቶ ማየት፣ ሁለቱንም ኤፍል ያሟላል። የፒዛው ዘንባላ ሕንፃ በእምነ በረድና በኖራ ስለተሠራ ግንብም ቢባል ያስኬዳል፤ ሥራውን መግለጽ ሲፈልጉ ግን «ደወል ቤት» ይበሉ፣ የካቴድራሉ ደወል ቤት ነውና።

ነገሩ የታወቀ መሆኑን ስለሚያሳዩት ምዕላዶች «ው» እና «ኡ»፦ ቅጽል ሲቀድም እሱ ይይዘዋል፣ «ታላቁ የቻይና ግንብ»። «የቻይና» ሲቀድም ደግሞ እዚያው ያርፋል፣ «የቻይናው ታላቅ ግንብ»። «የቻይና ታላቁ ግንብ» በንግግር ይሰማል፤ ለኅትመት ግን ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። «ታላቁ የቻይና ግንቡ» ስሕተት ነው።

አጻጻፉ በ«ን» ይሁን። ጆሮዎ «ም» የሚሰማው ከንፈር ለ«ብ» ቀድሞ ስለሚገጥም ነው፤ አንበሳና ወንበር ላይም ያው ይደርሳል። «ይገነባል» ሲሉ «ነ» ራሱን ችሎ ስለሚሰማ ሥሩ እዚያ ላይ ይታያል።