«87» የሚለውን ቁጥር አትመነው

ወንድሜ፣ «8 ዋት ባለ 300ቢ ቲዩብ አምፕ አለኝ፣ በ2,000 ዶላር ለሳሎን የትኛውን አዲስ ስፒከር ልግዛ?» ብለህ የጠየቅከውን ሳነብ የዛሬ ሦስት ዓመት የገባሁበት ጉድ ነው ትዝ ያለኝ። አምፑም (300ቢ በሚባል የመስታወት ቲዩብ ድምፅ የሚያጎላው) ያው፣ ብሩም ያው። አፓርትመንት እንደምትኖርም ገምቻለሁ፤ ግድግዳ የሚደበድብ ጎረቤት የሌለው ማን አለ። «ዋናው ጆሮህ ነው፣ የወደድከውን ግዛ» የሚሉህን ተዋቸው። እኔም የወደድኩትን ነበር የገዛሁት።

1. ሴንሲቲቪቲ የሚለውን መስመር እስከ መጨረሻው አንብብ። ስፒከሩ በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ የሚነግርህ እሱ ነው። እኔ የገዛሁት ላይ «87» ይላል። 90 ባይሞላም ምን አለበት አልኩ። ከቁጥሩ ጎን በደቃቅ ፊደል «በ2.83 ቮልት» ተብሎ ተጽፏል፤ ያኔ አላየሁትም፣ ባየውም አይገባኝም ነበር። ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ የሚለካበት ነው፤ 2.83 ቮልት 8 ኦም ስፒከር ላይ 1 ዋት ነው። የኔው ግን 4 ኦም ነበር፣ 4 ኦም ላይ ያው ቮልት 2 ዋት ይሆናል። እንግዲህ 87 የተባለው በሁለት ዋት የተገኘ ነው፤ ወደ አንድ ዋት ስትመነዝረው 84። አልዋሹም፣ እኔ ነኝ ያልመነዘርኩት።

3 ዴሲቤል ምናላት እንዳትል። 3 በጎደለ ቁጥር የሚያስፈልግህ ዋት እጥፍ ይሆናል። አሁን ቤቴ ያለው ስፒከር 96 ነው፣ ከዚያኛው በ12 ይበልጣል፤ እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ እያልክ ስትቆጥር 16 እጥፍ ይመጣል። ያኔ 8 ዋቴን አሟጥጬ የማገኘውን ድምፅ ዛሬ በግማሽ ዋት አገኘዋለሁ።

2. አምፕህን ተሸክመህ ሂድ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ የኔው 22 ኪሎ ነው። እኔ ባዶ እጄን ነው የሄድኩት። የሱቁን ስም አልጠራም። ሻጩ ከጫማዬ ጀምሮ አየኝና ሰላም ሳይለኝ «በጀትህ ስንት ነው?» አለኝ። ቲዩብ አምፕ እንዳለኝ ነግሬዋለሁ፣ ዋቱንም ነግሬዋለሁ። «ይበቃዋል» ብሎ ስፒከሮቹን ትንሽ ፍሪጅ ከሚያክል ትራንዚስተር አምፕ ጋር አገናኝቶ ሲለቀው ፀጉሬ ቆመ። 1,900 ዶላር፣ ከነታክሱ 2,014፤ ካርዴን ጫርኩ።

ቤት ወስጄ የአባቴን ባለ 45 ሸክላ ጫንኩ። ዘፋኙ እኔ ሳሎን ሳይሆን ጎረቤት ቤት ሆኖ በብርድ ልብስ ተሸፋፍኖ የሚዘፍን ይመስላል። ቮሊዩሙን ስጨምር ሳክስፎንና ትራምፔቱ አንድ ላይ ሲገቡ ድምፁ ይሰነጣጠቃል። ገመዱን ከ8 ኦሙ ነቅዬ አምፑ ጀርባ ካለው ከ4 ኦሙ ጋር አሰርኩት፤ መሰንጠቁ ትንሽ ረገብ አለ፣ ብርድ ልብሱ ግን አልተገፈፈም። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ይሄ ሁሉ ብር ወጥቶበት ከቴሌቪዥኑ አይሻልም እኮ» አለችኝ።

በአምስተኛው ቀን ልመልስ ሄድኩ። ያው ሰውዬ ደንበኛ በሞላበት «ችግሩ ስፒከሩ አይደለም፣ አምፕህ መጫወቻ ነው» አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን አወጣ፦ የተከፈተ ካርቶን ሲመለስ 20 በመቶ ይቆረጣል፣ ቀሪውም በእጅ አይሰጥም፣ ከሱቁ ሌላ ዕቃ ይገዛበታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ 200 ዋት አምፕ ሊሸጥልኝ ጀመረ! ስፒከሮቼን ተሸክሜ ወጣሁ። በኋላ ኢንተርኔት ላይ በ1,100 ሸጥኳቸው። 914 ዶላር ውሃ በላው። የሁለት ሳምንት ኦቨርታይሜ ነው እሱ።

3. አሮጌ አትናቅ። አዲስ ብለህ ጠይቀሃል፣ ግን ስማኝ። ፔንሲልቫኒያ፣ ሃሪስበርግ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ክሊፕሽ ሄረሲ 2 የሚባሉ አሮጌ ስፒከሮች በ700 ዶላር እንደሚሸጡ አየሁ። አምፑን በጋቢ ጠቅልዬ ኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አሰርኩት፣ እናቴ ከጎኑ ቁጭ ብላ ሁለት ሰዓት ሙሉ እጇን አላነሳችለትም። ሰውየው ሳቁብን እንጂ አልተቆጡም። የስፒከሩን ገመድ መጀመሪያ አሰርን (ቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር አይበራም፣ ትራንስፎርመሩን ይበላብሃል)፣ ያንኑ ሸክላ ጫንኩ። የቮሊዩሙ ምልክት 9 ሰዓት ላይ እንኳ ሳይደርስ፣ በፈረንጅ ሰዓት ነው የምልህ፣ ዘፋኙ መሀላችን ቆመ። ከመዘመሩ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

ስንመለስ ታዲያ ስሙ ምን ማለት ነው አለችኝ። ሞኝ ነኝ፣ «ኑፋቄ» ብዬ ተረጎምኩላት። «ኑፋቄ የሚባል ነገርማ ቤት አይገባም!» ሃሪስበርግን ሳንርቅ ጭቅጭቅ ተጀመረ። ፖል ክሊፕሽ የሚባል መሐንዲስ የሚታወቀው የክፍል ጥግ ውስጥ በሚቀመጥ ትልቅ ስፒከር እንደነበር፣ በ1957 ጥግ የማይፈልግ ትንሽ ሲሠራ አንዱ «ይሄማ ኑፋቄ ነው» ስላለው ያንኑ ስም እንዳወጣለት እያስረዳሁ ሜሪላንድ ደረስን። አላመነችኝም። ግን በማግስቱ ሁለቱንም ዳንቴል አልብሳቸው አገኘኋት።

ካፓሲተሮቻቸው (ውስጣቸው ያሉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ክፍሎች) አርጅተው ነበር፤ እኔው ራሴ በካውያ በየድኩና ቀየርኳቸው፣ ምንም አላቃጠልኩም። ቤዙ ጥልቅ አይደለም፣ ሳጥኑ ድፍን ነውና ቤዝ የሚያወጣው ክብ 12 ኢንች ቢሆንም ወለል አያናጋም። ሂፕ ሆፕ የምትሰማ ከሆነ ታዝናለህ። ከታች የሚኖረው ጎረቤቴ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላንኳኳም።

አዲስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ፣ አዲሱ ሄረሲ 4 ከበጀትህ በላይ ነው። መጋዝና ሙጫ የማትፈራ ከሆነ የጃፓኑን ፎስቴክስ ፉል ሬንጅ (ቤዙንም ቀጭኑንም ድምፅ ብቻውን የሚያወጣ ያለ ሳጥን የሚሸጥ ክብ) ገዝተህ ሳጥኑን ራስህ ሥራው። ሌላ ካማረህ ከመግዛትህ በፊት ስቴሪዮፋይል መጽሔት ለክቶት እንደሆነ እይ፤ ሴንሲቲቪቲውን ራሳቸው ነው የሚለኩት፣ የኦሙም ግራፍ አለበት። 4 ኦም ተብሎ ወደ 3 የሚወርድ ካየህ እለፈው።

እኔ ያለሁበት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከቀረበህ አምፕህን ይዘህ ናና በኔው ሞክረው። እሁድ ጠዋት ብቻ አትምጣ፤ እናቴ በኑፋቄው ቅዳሴ ታዳምጣለች፣ ማንንም አታስነካም።