የቤቱ ዋጋ ስለ ወረደ ከውሉ መውጣት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የጎንደር ከተማ ነዋሪ ነኝ። ከሦስት ወር በፊት አዘዞ አካባቢ አንድ ቤት ከነሰርቪሱ በ4,200,000 ብር ለመግዛት ተስማምቼ፣ በሦስት ምስክሮችና በደላላው ፊት ውል ጽፈን 600,000 ብር ከፈልኩ። ቀሪውን በአራት ወር ውስጥ ከፍዬ ስሙ ሊዞርልኝ ነበር። ውሉን ያፈረሰ ወገን 300,000 ብር መቀጫ እንዲከፍልም ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ገበያው ቀዘቀዘ፤ በዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ቤት በ3,300,000 ብር ተሸጠ። ሻጩ ዋጋ እንዲቀንሱልኝ ብለምናቸው «ወይ ቀሪውን አምጣ፣ ወይ ቀብዱን እርሳው» አሉኝ። ደላላው በበኩሉ ስም ሲዞር ለግብር እንዲቀል 1,500,000 ብር ብለን እንድንጽፍ ይመክረናል። የውሉን ፎቶ ልኬያለሁ፤ ዋናው በደላላው እጅ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት የገበያውን ጉዳይ ልለይልዎ። የቤቱ ዋጋ መውረዱ ብቻውን ከውል ግዴታ ነፃ አያወጣዎትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር ይደነግጋል፤ በቁጥር 1764 ደግሞ ሁኔታዎች ተለውጠው የአንዱ ወገን ግዴታ ካሰበው በላይ ቢከብድበትም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ዳኛውም ቢሆን «እንዲህ ቢሆን ይሻላል» ብሎ ዋጋውን ሊያስተካክልልዎ አይችልም። ነገሩን ገልብጠው ይዩት፤ ቤቱ 5,000,000 ብር ገብቶ ሻጩ ጭማሪ ቢጠይቁዎት ኖሮ ይህንኑ ቁጥር እርስዎ ይጠቅሱባቸው ነበር።

ስለዚህ መፍትሔው መፈለግ ያለበት በገበያው ውስጥ ሳይሆን በወረቀቱ ውስጥ ነው። የላኩልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ሲሆን፣ ሦስተኛው መስመር ላይ 600,000 ብሩ «ቀብድ» ተብሎ፣ ከታች ደግሞ ይኸው ገንዘብ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሏል። ጸሐፊው ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ እንደወሰዳቸው እገምታለሁ፤ በሕጉ ግን በጣም የተለያዩ ናቸው። ቀብድ ከሆነ በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሰጪው ቀብዱን በመልቀቅ፣ ተቀባዩም እጥፉን በመመለስ ውሉን ማፍረስ ይችላሉ። ይህ ማለት 600,000 ብሩን ትተው መውጣት ይችላሉ ማለት ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሆነ ግን ገንዘቡ የዋጋው አካል እንጂ የመውጫ ዋጋ አይደለም፤ ሻጩ ውሉ እንዲፈጸምላቸው፣ ወይም ውሉ ፈርሶ ኪሣራ እንዲከፈላቸው መክሰስ ይችላሉ። የወረደ ገበያ የሚጎዳዎት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሻጩ ቤቱን ለሌላ ሰው በ3,300,000 ብር ቢሸጡት የ900,000 ብር ልዩነቱን ጉዳቴ ነው ብለው ሊያቀርቡት ይችላሉ። በወረቀቱ ላይ ያለው የ300,000 ብር መቀጫም ጉዳት መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልግ የሚጠየቅ ገንዘብ ነው። ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው የሁለታችሁን የጋራ ሐሳብ ስለሚሆን፣ ገንዘቡ ሲሰጥ ምስክሮቹ ምን እንደሰሙ ከአሁኑ ያስታውሱ። በእኔ አስተያየት ቀብድ የሚለው ንባብ ሚዛን ይደፋል፤ ሻጩም ራሳቸው «ቀብዱን እርሳው» ማለታቸውን አይዘንጉ።

ሁለተኛው ጉዳይ የውሉ አጻጻፍ ሥርዓት ነው። በቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት። የእናንተ ውል በደላላው ቤት ተጽፎ በዚያው ቀርቷል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ እንዲህ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና አስታውቋል፤ በቁጥር 1720ም ሕጉ ያዘዘውን ፎርም ያላሟላ ውል ረቂቅ እንጂ ውል አይባልም። ረቂቅ ከሆነ ቀብዱም መቀጫውም መሠረት ስለሚያጡ ተዋዋዮች ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ 600,000 ብርዎም ተመላሽ ይሆናል።

በዚህ ብቻ ተማምነው ግን ወደ ክስ እንዳይሮጡ አጥብቄ እመክራለሁ። ከዚያ ወዲህ፣ ውሉ መደረጉ ባልተካደበት ጊዜ አለመመዝገቡን ብቻ ይዞ ማፍረስ አይቻልም የሚል አቋም የተንጸባረቀባቸው ውሳኔዎችም ተሰጥተዋል። እርስዎ ደግሞ ውሉን አልካዱም፤ ከሦስት ምስክር ጋር የፈረሙትን ነገር ይካዱ ብዬም አልመክርዎትም። ጠበቃዎ ይህን ነጥብ እንደ አማራጭ ክርክር ሊያነሣው ይችላል፤ ብቸኛ ምሰሶ ሲያደርጉት ግን አደጋ አለው።

በወረቀቱ ላይ የሻጩ ሚስት ፊርማ የለም። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ሆኖም ሽያጩ ይፍረስልኝ ብለው የመጠየቅ መብት የሚስትየዋ እንጂ የእርስዎ አይደለም። ቤቱን ለማስቀረት ከወሰኑ ግን ሳይፈርሙልዎ ቀሪውን ገንዘብ እንዳይከፍሉ።

ደላላው የመከረዎትን የ1,500,000 ብር አጻጻፍ በጭራሽ አይቀበሉት። ግብርን በዚህ መንገድ መቀነስ በራሱ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ፣ በቁጥር 2005 መሠረት የጽሑፍ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ስለያዘው ስምምነት ሙሉ ማስረጃ ስለሆነ፣ በምስክር «የከፈልኩት ከዚህ ይበልጣል» ማለት አይቻልም። ነገ ሽያጩ በአንድ ምክንያት ቢፈርስ የሚመለስልዎ 1,500,000 ብር ብቻ ይሆናል፤ የቀረው ለሻጩ የተሰጠ ስጦታ ሆነ ማለት ነው። በቤት ጉዳይ ከሚመጡልኝ ደንበኞች መካከል እጅግ የተጎዱት በዚህ መንገድ የተጎዱት ናቸው።

እኔ የምመርጠው መንገድ ድርድር ነው። ሻጩም ቢሆኑ አዲስ ገዢ በ4,200,000 ብር እንደማያገኙ ያውቃሉ፤ ካለመመዝገቡ የተነሣ ደግሞ ክሱ ለእርሳቸውም የሚያስተማምን አይደለም። ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሽማግሌ ያስገቡና በሁለት ነገር ላይ ይነጋገሩ፤ አንደኛው ዋጋው፣ ሁለተኛው የስም ማዞሪያው ወጪ። ይዞታው ነባር፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዘ የቀድሞ ይዞታ ከሆነ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ከውርስ በስተቀር ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ገዢው መሬቱን በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለመንግሥት የሊዝ ክፍያ እየከፈለ ነው የሚይዘው። የባለቤትነት ሰነድ ሲተላለፍም የዋጋው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለበት። ውላችሁ እነዚህን ማን እንደሚከፍል አይናገርም፤ ሻጩ ዋጋውን ባይነኩም እንኳ ወጪውን በራሳቸው ላይ ቢወስዱ ለእርስዎ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የሚደርሱበት ስምምነት እንደገና በአፍ ወይም በደብተር ወረቀት እንዳይቀር፤ ሚስትየዋም ባሉበት በውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ። ከዚያ በፊት ይዞታው በባንክ አለመያዙንና እግድ እንደሌለበት ከከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያረጋግጡ።

የቀረዎት አንድ ወር ነው። ቀኑ እስኪያልፍ በዝምታ ከቆዩ ውሉን ያፈረሱት እርስዎ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ስምምነት ላይ ካልደረሱ ቀነ ገደቡ ከመድረሱ አሥር ቀን አስቀድመው፣ ቀብዱን ለቀው ውሉን ማፍረስዎን ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆንዎን በጽሑፍ አሳውቀው የደረሰበትን ማስረጃ ይያዙ። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚጽፉ ከመወሰንዎ በፊት ዋናውን ወረቀት የሚያይልዎ ጠበቃ ያማክሩ። ወረቀቱንም ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት ከደላላው ተቀብለው በእጅዎ ያስገቡት።