ኮምቦልቻ የታዘዘልኝ ሞተር ደሴ ላይ እምቢ አለኝ

የአንባቢያን ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ደሴ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እየዞርኩ ከብት እንድከትብ መሥሪያ ቤቴ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር አስረክቦኛል። መንዳት የተማርኩት ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ተቀምጬ፣ በማሠልጠኛው ሞተር ነው። መንጃ ፈቃዴንም ያወጣሁት ያኔ ነው። እዚያ ሁሉም ነገር ይታዘዝልኝ ነበር። ደሴ ላይ ግን ዳገት መሀል ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ፊቴ ሲቆም ሞተሩ ይጠፋብኛል፤ ስነሣ ደግሞ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከኋላዬ ክላክስ ሲነፋ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጉልበትም የለውም፤ ይኸንኑ ሞተር የሥራ ባልደረባዬ ኮምቦልቻ ወስዶት «ሸጋ ነው፣ ምንም አልሆነ» ብሎ መለሰልኝ። ወንድሞቼ «የፊት ፍሬን እንዳትነኪ፣ ይገለብጥሻል» ይሉኛል። አክስቴ ደግሞ እሑድ እሑድ ትጠብቀኛለች። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት መቼ ልውረድ?
ለማጇ፣ ከሆጤ

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። ሜዳ ላይ ተምሮ ደሴ የመጣ ለማጅ ሁሉ የሚገጥመው ነው የገጠመሽ። ደሴ ጦሳ ሥር የተሠራ ከተማ ነውና ወይ ትወጫለሽ ወይ ትወርጃለሽ፤ ደልዳላ መንገድ ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔ ጋ ለማጅ ሲመጣ ከፍጥነቱም ከማርሹም በፊት ዳገት ላይ ቆሞ መነሣትን ነው የማስተምረው። እሱን የቻለ ሰው ሌላው በራሱ ጊዜ ይመጣለታል።

ዳገት ላይ ስትቆሚ ግራ እግርሽ መሬት ይርገጥ፤ ቀኝ እግርሽ ግን የኋላ ፍሬኑን እንደረገጠ ይቆይ። ለማጅ ሲደነግጥ ሁለቱንም እግሩን ያወርዳል። ያኔ ሞተሩን የሚይዘው የፊት ፍሬን ብቻ ይሆናል፤ የፊት ፍሬንና ጋዝ ደግሞ ያሉት አንድ እጅ ላይ ነው። ፍሬኑን ለቀሽ ጋዝ እስክትሰጪ ሞተሩ ወደ ኋላ ሄዷል። የአንቺም ችግር ይኸው ይመስለኛል። ቀኝ እግርሽ ፍሬኑ ላይ ካለ ቀኝ እጅሽ ነፃ ነው። አንደኛ ማርሽ ግራ እግርሽ መሬት ሳይረግጥ አስቀድሞ ይግባ፣ ፍሪሲዮኑም (በግራ እጅሽ የምትጨብጪው) ተይዞ ይቆይ። ጋዝ ጥቂት ስጪና ድምፁ ከፍ ዝቅ ሳይል ያዢው። ከዚያ ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ እያልሽ ልቀቂ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፤ መቀመጫው ከሥርሽ ወደ ፊት ሳብ ማድረግ ይጀምራል። እዚያ ላይ ጣቶችሽን አቁሚ፤ አትልቀቂም፣ አትጨብጪምም። አሁን ዳገቱን የያዘው ሞተሩ ነው። የኋላ ፍሬኑን ስታነሺ ባለበት ይቆማል እንጂ አይንሸራተትም። ጋዝ ጨመር አድርጊ፣ የቀረውን ፍሪሲዮን ልቀቂና ሂጂ። በዚህ ሁኔታ ግን ብዙ አትቆዪ፤ ባጃጁ ገና የማይነሣ ከሆነ ወደ ፍሬኑ ተመለሺ፣ አለበለዚያ የፍሪሲዮኑን ሸራ ትጨርሺዋለሽ።

ያቺን ጣት የምታቆሚባትን ቦታ እጅሽ እስኪያውቃት ድረስ ከተማ መሀል አትለማመጂ። ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሂጂ። በ1870 ዓ.ም. ያን ሁሉ ሊቅና ሠራዊት ለአፄ ዮሐንስ ጉባኤ የያዘ ሜዳ ለአንቺ አይጠብብሽም። ጋዝ ሳትሰጪ በፍሪሲዮን ብቻ ሞተሩን እያስነሣሽ፣ ሰው በእግሩ ከሚሄደው ባነሰ ፍጥነት አስኪጂው። ቀጥሎ ሰፈርሽ ውስጥ መኪና የማይበዛበት ቀለል ያለ ዳገት ምረጪ፣ በማለዳ፣ ባጃጁ ሳይወጣ። ፒያሳ የመጨረሻው ነው።

ክላክሱን በተመለከተ፦ የሚነፋው ሹፌር ይቸኩላል እንጂ ሊገጭሽ አይፈልግም። ይጠብቅ። ሞተሩ ከጠፋ ፍሬኑን ያዢ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጊ፣ ረግጠሽ አስነሺው፤ ለማንም ስትዪ አትጣደፊ። በስፖኪዮ ኋላሽን የማየት ልማድ ያዢ። ከፊትሽ የቆመውን ባጃጅ ደግሞ አትጠጊው፤ እሱም ሲነሣ ወደ ኋላ ይንሸራተታልና በጎኑ የምታልፊበት ቦታ ተዪ።

ጉልበቱን የቀነሰው ከፍታው ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በደሴ ከፍታ አንድ ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል፤ 100 ሲሲ ሲሆን ደግሞ በደንብ ይታወቃል። በዚያ ላይ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር አየሩ እንደሳሳ አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቀድሞው ይለቃል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል። ፈትተሽ እይው፦ ጫፉ የተቆላ ቡና መልክ ካለው ደህና ነው፤ ጠቁሮ ከረጠበ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልንገርሽ። ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ በጠባብ ልቀይርልሽ የሚል መካኒክ ይመጣል። ደሴ ብቻ ለሚነዳ ሰው ምክሩ ልክ ነው። አንቺ ግን ኮምቦልቻም ትወርጃለሽ፤ እዚያ አየሩ ወፈር ሲል ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ኤጂ 100ን የመሰለ ቱ ስትሮክ (ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥል ሞተር) ደግሞ ሲግል ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። አታስቀይሪው። የአየር ማጣሪያውን አጽጂ፣ ካንዴላውን በጊዜው ቀይሪ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ከመጨነቁ በፊት አንድ ማርሽ ቀንሺ። የክትባቱን ሳጥን ስትጭኚም ወደ ፊት አስጠግተሽ፣ ዝቅ አድርገሽ እሰሪው። ከኋላ ተንጠልጥሎ ከሄደ ዳገት ላይ የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው አይታዘዝሽም።

የፊት ፍሬን። ወንድሞችሽ በፍቅር ነው የመከሩሽ፣ ምክሩ ግን አደገኛ ነው። ሞተር ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል። የፊቱ ጎማ መሬቱን ይጫናል፣ የኋላው ይቀልላል። የኋላውን ብቻ የምትረግጪ ከሆነ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። የፊቱ ሰውን የሚጥለው በድንጋጤ አንዴ ሲጨበጥ፣ መሪው ዞሮ ሳለ ሲያዝ፣ ወይም ጠጠርና የረጠበ ኮብልስቶን ላይ ሲሆን ነው። በደረቅ አስፋልት፣ መሪውን ቀጥ አድርገሽ፣ በሁለት ጣት ጀምረሽ ኃይሉን እየጨመርሽ ያዢው፤ የኋላውንም አብረሽ ርገጪ። ይህንንም ቦሩ ሜዳ ላይ ደጋግሚው፦ በሁለተኛ ማርሽ መጥተሽ ቁሚ፣ ቀጥሎ ባጠረ ቦታ ቁሚ። የቀበሌ ጥርጊያ መንገድ ላይ ግን ወደ ኋላው አድዪ፣ የፊቱን በጣም አለስልሽው። ኩርባ ካለ ፍጥነቱን ከኩርባው በፊት ጨርሰሽ ቀንሺ።

አሁን ሐረጎ። «መቼ» ላልሽው ቀን አልቆርጥልሽም። ዳገት ላይ ሳትንሸራተቺ ስትነሺ፣ ወደ ታች ሳታዪ ማርሽ ስትቀንሺ፣ ሕፃን ቢገባብሽ ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ፣ ያኔ ነው። ከዚያ በፊት አክስትሽ ጋ በሚኒባስ ሂጂ፤ ጋቢና ተቀመጪና ሹፌሩ የት የት ማርሽ እንደሚቀንስ፣ የትኛው ኩርባ ከታየው በላይ እንደሚጠብ ልብ በዪ። የመጀመሪያ ቀን ስትወርጂም መንገዱን የሚያውቅ ረጋ ያለ ሞተረኛ ከፊትሽ ይሂድ።

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ትወርጃለሽ። ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድ አይቻልም። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረጂ፣ ሞተሩ ይያዝሽ። ቱ ስትሮክ ጋዝ ሲዘጋ የመያዝ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት ይሻላል። ፍሬኑን ተጭነሽው አትውረጂ፤ ያዝ አድርጊ፣ ልቀቂ፣ ይብረድ። የሞተርሽ ፍሬን ባለ ከበሮ ነው፤ ሲግል ትረግጪዋለሽ፣ አይዝልሽም። እንደዚያ ከተሰማሽ ዳር ይዘሽ ቆመሽ አብርጂው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ዜሮ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ እባክሽ፣ ማንም ቢያደርገው አንቺ አታድርጊው።

ብዙ የኤጂ ሹፌር የማያውቀው ደግሞ ይኸ ነው። የሞተርሽ ዘይት የሚረጨው በሰጠሽው ጋዝ ልክ ነው። ረጅም ቁልቁለት ጋዝ ዘግተሽ ስትወርጂ ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ዘይት ግን በቂ አይደርሰውም። ስለዚህ በየመሀሉ ፍሪሲዮን ይዘሽ ጋዝ እፍ አድርጊለት። ከመነሣትሽ በፊትም የቱ ስትሮክ ዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፍተሽ እዪ።

ተሳቢዎቹን አትሽቀዳደሚ፣ ጎናቸውም አትሂጂ። የተቃጠለ ፍሬን ከሸተተሽ ቦታ ፈልገሽ ቁሚና መኪናው ይለፍ። ኩርባ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ አለ፤ አስፋልቱ ጠቁሮ ካብለጨለጨ ከዚያ ራቂ። በክረምት ጉም ከወረደ ጉዞው ይቅር። በበጋም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አትነሺ፣ ሳይመሽም ተመለሺ።

ሻርፕሽን ጃኬትሽ ውስጥ አስገቢው። የኤጂ ሰንሰለት የተሸፈነ ነው፣ የጎማው ሽቦ ግን አይደለም፤ ጨርቅ ከያዘ አንገት ይዞ ይጎትታል። ሄልሜቱን ከሻርፑ ጋር ለክተሽ ግዢ፣ ማሠሪያው ሁልጊዜ ይታሠር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቦክሰር ሞተር ገዝቼ ገና እየለመድኩ ነው። ባለቤቴ የምትሠራው ኢንዱስትሪ ፓርክ ነውና ጠዋት ጠዋት ከኋላ ጭኜ ላደርሳት አስቤ ነበር። ምን ይላሉ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አሳቢነትህ ደስ ይላል፤ ግን ቆይ። ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ሞተሩ ሌላ ሞተር ይሆናል፦ ለመቆም ረጅም ቦታ ይፈልጋል፣ ዘንበል ስትል ከኋላ ያለው ሰው ወደ ሌላ ካዘነበለ መሪው ይከብዳል። ብቻህን ስትነዳ ስለ ማርሽና ፍሬን ማሰብ እስክትተውና ዓይንህ መንገዱ ላይ ብቻ እስኪሆን ድረስ ማንንም አትጫን። ከዚያም የመጀመሪያው ቀን ሠራተኛ በሚጎርፍበት ሰዓት አይሁን፤ እሑድ ጠዋት ሰፈር ውስጥ አዙራት። የኋላውን ጎማ ነፋስ ለሁለት ሰው በሚሆነው ልክ አስሞላ። እሷም በጎን ሳይሆን እግሯን ግራና ቀኝ አድርጋ ትቀመጥ፣ «ውጪ» ሳትላት አትውጣ፣ ስትቆምም እግሯን አታውርድ። ሄልሜት ግን ለእሷም ከአሁኑ ግዛላት፤ ራሷ ትለካው።