አራተኛው ጥይት ላይ የሚቆልፈው ሽጉጥ

ከአንኮሬጅ፣ አላስካ አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነው? ሐምሌ ላይ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ኬናይ ወንዝ ወርደን ሳልመን ዓሣ እናጠምዳለን። ባለፈው ዓመት አንዲት ቡናማ ድብ ከነግልገሎቿ ሠላሳ ሜትር ላይ ብቅ አለችብን። እግዜር አተረፈን። ከዚያ በኋላ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ 44 ማግነም ሪቮልቨር፣ ስድስት የሚጎርሰውን ባለ ተሽከርካሪ ሲሊንደር ሽጉጥ፣ ሸጠልኝ። ላባ በለው፣ አይከብድም። ራሱ ቤቱ ውስጥ ባሩድ የሞላውን ጥይትም በከረጢት ሙሉ መረቀልኝ። ተኩስ ሜዳ ወስጄ ስሞክረው ሦስት ይተኩስና አራተኛው ላይ ሲሊንደሩ ድርቅ ይላል፣ ምላጩም አይሳብም። ባዶውን ሳሽከረክረው ግን እንደ ቅቤ ነው። አውቃለሁ የሚል ሰው በሞረድ ነካ ነካ አድርጎ የመምቻውን ሞላም ቀየረልኝ። አሁን መቆለፉ ሳይቀር፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ይጠገናል ወይስ ሽጬው 10 ሚሊ ሜትር ባለ ካዝና አውቶማቲክ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ መቆለፉ ከጥይቱ ነው። ቀጭ ብሎ ዝም ማለቱ ከዚያ ሞረድ ከያዘው ሰውዬ ነው። ሽጉጡ ራሱ ምንም አላጠፋም፤ ያም ሆኖ እኔ ብሆን እሸጠዋለሁ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ከሁሉም በፊት ግን፦ ሽጉጡን ለምንም ነገር ስታነሳው ሲሊንደሩን ክፈትና ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ በጣትህ ዳብስ። ማየት አይበቃም። ዳብስ። ጥይቱን ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጥ። ይህን ስደጋግመው ከሰለቸህ ይሰልችህ።

ጥይቱን የጠረጠርኩት «ባዶውን እንደ ቅቤ ነው» ስላልክ ነው። ቀለሃ የሚገፋው ዘንግ ላልቶ ቢሆን ባዶውንም ይይዘው ነበር። ያልነደደ ባሩድ ቀለሃ ከሚያወጣው ኮከብ መሰል ብረት ሥር ገብቶ ቢሆን ሲሊንደሩን ስትዘጋው ገና ያስቸግርህ ነበር። ያንተው ግን ሲጎርስ ደህና ነው፣ ሲጀምር ደህና ነው፣ ሦስት ከተኮሰ በኋላ ነው የሚደርቀው። ስለዚህ ያልተተኮሱት ጥይቶች እዚያው እንዳሉ ረዝመዋል ማለት ነው። ሲቆልፍብህ ያወጣሃቸውን ጥይቶች አልጣልካቸው ይሆናል። አፍንጫቸውን ብርሃን ላይ እያዟዟርክ እያቸው። ከአንዱ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያላት የምታብረቀርቅ ጭረት ካገኘህ፣ አፈሙዙ ጠርዝ ላይ የተጋጨው እሱ ነው።

አሁን ትንሽ ልቀባጥር፣ ምክንያቱም ይህን ነገር ማስረዳት ደስ ይለኛል።

አረሩን ቀለሃው አፍ ላይ የሚይዘው ሙጫ አይምሰልህ። ቀለሃው አረሩን ጨብጦታል፣ አፉም ትንሽ ወደ ውስጥ ታጥፎ አረሩ ወገብ ላይ ያለች ቦይ ውስጥ ገብቷል። የጤፍ ከረጢት አፍ በሲባጎ እንደማሰር ነው። ማሰሪያው ከላላ ያው ይፈታል።

አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ ቆመሃል እንበል። ሰው ሞልቷል፣ ላይኛው መያዣ አልደረሰህም። ሾፌሩ ድንገት ነዳጅ ሲረግጥ ወደ ኋላ ትንገዳገዳለህ፣ ከኋላህ ያሉት ሴትዮ እግር ላይ ቆመህ ይቅርታ ትላለህ። ማን ገፋህ? ማንም። አንተ የነበርክበት ለመቅረት ሞከርክ፣ አውቶቡሱ ከእግርህ ሥር ሸሸ። ሽጉጥህም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ስትተኩስ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይራገጣል። አምስቱ ገና ያልተተኮሱት ጥይቶች ተሳፋሪ ናቸው። ቀለሃዎቹ ከንፈራቸው ሲሊንደሩ ጠርዝ ላይ ስለተያዘ አብረው ወደ ኋላ ይሳባሉ። አረሩ ግን ከባድ ነው፣ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ስለዚህ ቀለሃው ከሥሩ ይሸሽበታል። በአንድ ተኩስ የሚሸሸው ትንሽ ነው። በሁለተኛው ሌላ ትንሽ፣ በሦስተኛው ሌላ። ከአረሩ አፍንጫ እስከ ሲሊንደሩ ፊት ያለው ክፍተት ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አፍንጫው ያንን አልፎ ሲወጣ ሲሊንደሩ ሊዞር ሲል አፈሙዙን ይመታል። አለቀ፣ ቆለፈ።

ክብደቱን ደግሞ አስበው። ከብረት የተሠራ አራት ኢንች አፈሙዝ ያለው 44 ማግነም 1.2 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ያንተ ዓይነቱ ላባ 700 ግራም አካባቢ ነው። ጥይቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ቀላሉ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ፍጥነት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ሾፌሩ አብዷል በለው። «ታዲያ ለድብ የሚሆን ከባድ አረር ልግዛለት» ካልክ ደግሞ ባሰ፤ 300 ግሬን አረር 19 ግራም ያህላል፣ ከባድ ተሳፋሪ ነው፣ ርግጫውም ይጨምራል።

ጥይት ቤታቸው የሚሞሉ ሰዎች የተበላሸ ጥይት የሚፈቱበት የፕላስቲክ መዶሻ አላቸው። ጥይቱን ውስጡ አስረው ሲሚንቶ ላይ ሁለት ሦስቴ ሲመቱት አረሩ ወልቆ ይወድቃል። አንተ የገዛኸው ያንን መዶሻ ነው። ብዙ ዶላር ከፍለህ።

አባቴ በበዓል ቀን ጥይቱን ከዝናሩ እያወጣ አንድ በአንድ በጣቱ ይወዘውዘው ነበር። አረሩ ነቅነቅ የሚለውን ለብቻው ያስቀምጣል። ፊዚክስ አልተማረም። ያንተ የሥራ ባልደረባ ግን በፕላስቲክ ከረጢት ጥይት ይመርቃል! ያንን ከረጢት አትተኩሰው። እንዴት እንደተሞላ፣ ስንት ባሩድ እንደተደረገበት የማይታወቅ ጥይት ለጣሳም አይሆንም። ባሩዱ ያነሰ ጥይት አረሩን አፈሙዙ መሃል ላይ ትቶት ይቀራል፤ ሳታውቅ ቀጣዩን ከተኮስክ አፈሙዙ ይቀደዳል። ድምፁ «ጷ» ማለት ሲገባው «ፕስስ» ካለ ጣትህን ከምላጩ አውጣ፣ ሽጉጡን አራግፍ፣ ስድስቱን ቀዳዳ ዳብስ፣ ከዚያ አፈሙዙ ባዶ መሆኑን እይ።

ጥርጣሬዬ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ የፋብሪካ ጥይት አንድ ፓኮ ግዛ። ከስድስቱ አንዱን በማርከር ምልክት አድርግበትና ርዝመቱን በካሊፐር (ከሚሊ ሜትር በታች የሚለካ መሣሪያ) ለካ። ቁጥሩን ጻፍ። መጨረሻ የሚተኮሰው እሱ እንዲሆን አድርገህ አጉርስ። አምስቱን ተኩስ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደሆነ ሲሊንደሩን ክፈት፣ ምልክት ያለበትን ሳትተኩሰው አውጥተህ እንደገና ለካው። እኔ ከሩብ ሚሊ ሜትር በላይ ያደገ ጥይት አልቀበልም። ሌላ ዓይነት ሞክር፣ አጥብቆ የታጠፈ እስክታገኝ።

መሃል ላይ ከቆለፈብህ ምላጩን በግድ አትሳብ። በሰላም የሚከፈት ከሆነ ክፈተው። እምቢ ካለ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ የሜዳውን ኃላፊ ጥራ። እንደጎረሰ መኪና ውስጥ ከትተህ ወደ እኔ ቢጤ ባለሙያ እንዳትነዳ። አንድ ደንበኛዬ የቆለፈበትን ሽጉጥ፣ ጥይቱ ውስጡ እያለ፣ በጎማ መዶሻ ቀጥቅጦ ከፈተው። በኩራት ነው የነገረኝ። «አፈሙዙ ወዴት ነበር?» ስለው ቆዝሞ ቆየና «ወደ ኩሽናው» አለኝ። ኩሽና ውስጥ ሚስቱ ነበረች።

ወደ ሞረዱ ልምጣ። ሰውዬው ሲሊንደሩ እንዲያልፍ ብሎ የአፈሙዙን የኋላ ጫፍ ሞርዶት እንደሆነ ነው ፍርሃቴ። በአፈሙዙና በሲሊንደሩ መሃል ያለው ክፍተት ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መካኒኮች ቫልቭ የሚለኩባት ስስ የብረት ቅጠል ካለችህ አንተው ለካው፤ መጀመሪያ ግን ዳብስ። ከዚያ ከሰፋ እሳትና የእርሳስ ፍንጣሪ በጎን ይተፋል፣ አጠገብህ የቆመውን ሰው ፊት ያገኛል። ያ ከሆነ አፈሙዝ መቀየር ነው፣ ዋጋውም አያስደስትም።

ቀጭ ማለቱ የሞላው ነው። ኢንተርኔት ላይ «ምላጭዎን የሚያለሰልስ» እየተባለ የሚሸጠው ርካሽ ሞላ፣ ጥይቱን የሚመታውን የሽጉጡን መዶሻ በደንብ አይወረውረውም። ያልተኮሰውን ጥይት ከኋላው እይ። ፕራይመሯ፣ ማለትም ቀለሃው ቂጥ ላይ ያለችው ማቀጣጠያ፣ ላይ ያለው ጉድጓድ ጥልቅ መሆን ሲገባው ምስማር የጫረው ከመሰለ እሱው ነው። ዋናውን የፋብሪካ ሞላ መልስበት፣ ጥቂት ዶላር ነው። እጀታውን ስትፈታ ሞላውን የምትገፋዋ ብሎን እስከ መጨረሻው መጥበቋንም እይ፤ እንዲህ ዓይነት ሰዎች እሷንም ይፈቷታል። ምላጩ ይከብድሃል? ይክበድህ። ድብ ፊት ቆሞ ምላጩ ከበደኝ ያለ ሰው አልገጠመኝም። ሜዳ ላይ ደግሞ ቀጭ ሲል ወዲያው አትክፈተው። አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርገህ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ የዘገየ ጥይት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን ትግዛ? ላባውን ሸጠህ፣ ለሚገዛው ሰው ችግሩን ሳትደብቅ ንገረው፣ ከሁለት አንዱን ያዝ። እጅህ ርግጫ የሚችል ከሆነ 1.2 ኪሎውን የብረት 44። ከተኮስክ በኋላ ዓይንህን የምትጨፍን ከሆነ ግን፣ እውነቱን ለራስህ ንገር፣ 10 ሚሊ ሜትር ይሻልሃል። ግሎክ 20 ካዝናው 15 ይጎርሳል፣ ርግጫውም የሰው ነው። ግሪንላንድ ውስጥ በውሻ ተጎታች የሚዞረው ሲሪየስ የተባለው የዴንማርክ ጦር ቅኝት ለነጭ ድብ የሚይዘው እሱን ነው። አረሩ 200 ወይም 220 ግሬን፣ ጠንካራ እርሳስ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ ይሁን። ጫፉ የተቦረቦረው ለሰው የተሠራ ነው፤ ስብና ጡንቻ ውስጥ አብቦ ይቆማል፣ አንተ የምትፈልገው አጥንት ሰብሮ የሚገባውን ነው። ለማንኛውም ሁለት መቶ ጥይት ሳትተኩስበት ወንዝ አትውረድ።

አውቶማቲክ የራሱ አመል አለው። ማታ ማታ አራግፈህ ጠዋት ያንኑ ጥይት ደጋግመህ ካጎረስከው አረሩ በተቃራኒው ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ግፊቱ ይንራል። ያጠረ ከመሰለህ አትተኩሰው። እሱም ሲራገፍ ካዝናውን አውጥተህ፣ ላይኛውን ስበህ፣ ጉሮሮውን በጣትህ ዳብስ።

ማህደሩ ደረት ላይ የሚታሰር ይሁን። ዋደር፣ ውኃ የማያስገባውን የአጥማጅ ሱሪ፣ ለብሰህ ውኃ ውስጥ ስትቆም ወገብ ላይ ያለው ይርሳል፣ ሻንጣ ውስጥ ያለው ደግሞ የለም ማለት ነው። ቡናማ ድብ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ያቺ ሠላሳ ሜትር ላይ ያየሃት ሁለት ሰከንድ ነበረች የምትርቅህ። ከስስ ጨርቅ የተሰፋውን ርካሽ ማህደር ተወው፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ግዛ።

የድብ ስፕሬይም ያዝ። ሽጉጥ ሠሪ ሆኜ ይህን ማለቴ ይገርምሃል። አላስካ ውስጥ ከ1985 እስከ 2006 የተመዘገቡ አጋጣሚዎችን ቶም ስሚዝና ጓደኞቹ አጥንተው በ2008 ሲያወጡ፣ ስፕሬይ ቡናማ ድብን 92 በመቶ ጊዜ አስቁሟል። በ2012 ባወጡት ደግሞ ሽጉጥ 84 በመቶ ሠርቷል። ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር ልክ አይደለም፣ አጋጣሚዎቹ ይለያያሉ። ግን ስፕሬይ አይቆልፍም፣ ሞላም የለው። እኛ አገር ጅብ በድንጋይ ይባረራል፤ ድብ ላይ ድንጋይ እንዳትሞክር።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ ራስህን ለማዳን ድብ ከገደልክ ቆዳው ከነጥፍሩና ጭንቅላቱ የመንግሥት ነው። ገፍፈህ ታስረክባለህ፣ በ15 ቀን ውስጥም ሪፖርት ታቀርባለህ። ከጓደኞችህ መሃል በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ካለ «ለአንድ አፍታ ያዝልኝ» ብለህ እንዳትሰጠው፤ የአደን ፈቃድን የመሰለ ሕጉ የሚያውቀው ምክንያት ከሌለው መያዙ ራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ላለው ችግር የለም።

ከመሸጥህ በፊት ሞላውን መልስ፣ ክፍተቱን ለካና ቁጥሩን ላክልኝ። ከ0.20 ከበለጠ በዚያ ሽጉጥ አንድም ጥይት አትተኩስ። ስትለካ ግን፣ ታውቀዋለህ፣ ስድስቱንም በጣትህ።