ጭቃ የያዘው መኪና

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ጌም ቤት ስኖውረነር የሚባለውን የጭነት መኪና መንዳት ጌም እጫወታለሁ። ጭነት ይዤ ጭቃ ስገባ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ጎማው ይሰምጣል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግርህን ከነዳጁ አንሳ፤ ጣትህን ማለቴ ነው። ጎማ ቦታው ላይ በዞረ ቁጥር ጉድጓዱን ራሱ ይቆፍራል፤ በክረምት የሰንዳፋን ኮትቻ የነዳ ሾፌር ያውቀዋል። እኛ ረዳቱ ድንጋይ ያጎርስልን ነበር፤ ጌሙ ግን ረዳት የለውም። ከባድ ማርሽ አስገባ፣ መኪናው ካለው ጎማዎቹ እኩል እንዲዞሩ ዲፈረንሻሉን ቆልፍና ቀስ ብለህ ሳበው። ደረቅ ላይ ስትወጣ ቁልፉን ፍታ፣ ነዳጅ ይፈጃል። የአስፋልት ጎማ ከሆነ የገጠመልህ፣ መጀመሪያ በጭቃ ጎማ ቀይረው። እምቢ ካለ ዊንቹን፣ መኪናውን የሚጎትተውን ገመድ፣ ወፍራም ዛፍ ላይ እሰር፣ ቀጭኑ ይሰበራል። ሞተር አታጥፋ፤ ተራው ዊንች ያለ ሞተር አይሠራም።